ገመድ፣ ዲስክ እና የደሴ መኪና

አንድ ቴራባይት ሃርድ ዲስክ በቦርሳው የያዘ ሰው ደሴ መናኸሪያ ተሳፍሮ፣ በጉጉፍቱና በአቀስታ አልፎ በስድስት ሰዓት መካነ ሰላም ቢገባ፣ መኪናው በሰከንድ 370 ሜጋቢት ያህል መረጃ አጓጉዟል ማለት ነው። ብዙ መሥሪያ ቤት የሚከፍልበት የኢንተርኔት መስመር ይህን አያህልም። እንዲህ ያለውን ውድድር የሞከሩትም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2009 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ዊንስተን የሚባል እርግብ 4 ጊጋባይት ሜሞሪ ታስሮለት 80 ኪሎ ሜትር ገደማ በርሮ ደርባን ገባ። ሜሞሪው ተገልብጦ ሲያልቅ በኤዲኤስኤል የኢንተርኔት መስመር የተላከው ያው ፋይል ገና 4 በመቶው ነበር የደረሰው።

የመኪናው ሒሳብ ግን መጫኛውንና ማራገፊያውን ዘሎታል። ዲስኩ የሚሰካው በዩኤስቢ 2.0 ከሆነ በተግባር የሚያሳልፈው በሰከንድ 35 ሜጋባይት ገደማ ነው። ደሴ ላይ ለመጫን ስምንት ሰዓት፣ መንገድ ላይ ስድስት፣ መካነ ሰላም ላይ ለማራገፍ እንደገና ስምንት፤ ድምሩ 22 ሰዓት ይሆናል። አማካይ ፍጥነቱም ወደ 101 ሜጋቢት ይወርዳል። ጭነቱን ያዘገየው የጉጉፍቱ ዳገት ሳይሆን የኮምፒውተሩ መሰኪያ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት የቁጥር ነገር አለ። የኔትወርክ ሰዎች በቢት፣ የዲስክ ሰዎች በባይት ይቆጥራሉ፤ ስምንት ቢት አንድ ባይት ነው። ዩኤስቢ ደግሞ የዲስክ መሰኪያ ሆኖ ሳለ በቢት ይጠራል። ስለዚህ የዩኤስቢ 2.0ን 480 ከአሮጌው የዲስክ ገመድ ከአይዲኢ 133 የሚያስበልጥ ሰው ተታሏል፤ 480 ሜጋቢት በወረቀት ላይ እንኳ 60 ሜጋባይት ነው፣ የአይዲኢው 133 ግን ሜጋባይት ነው።

ሁለቱ ወገኖች ሲፎካከሩ ኖረዋል። በተጠማዘዘ የመዳብ ሽቦ የሚሄደው ኢተርኔት እ.ኤ.አ. በ1990 10 ሜጋቢት ነበር፤ በ1995 100፣ በ1999 ደግሞ 1000 ደረሰ። የመጨረሻው 125 ሜጋባይት ማለት ነው። በዚያው ዓመት በኮምፒውተሩ ሆድ ውስጥ የነበረው ሰፊ የአይዲኢ ገመድ ጣሪያው 66 ሜጋባይት ነበር፤ የሚሽከረከረው ዲስክ ራሱ ደግሞ ከ30 ብዙም አያልፍም። ከግድግዳው የሚመጣው ሽቦ ዲስኩን ከእናት ቦርዱ ጋር የሚያገናኘውን ገመድ ቀደመው ማለት ነው። የአይዲኢ ተተኪ የሆነው ሳታ እ.ኤ.አ. በ2003 በ1.5 ጊጋቢት መጣ። እያንዳንዱ ባይት በ10 ቢት ስለሚላክ 150 ሜጋባይት ይሆናል፤ ቆይቶም 300፣ ከዚያ 600 ደረሰ። ዛሬ የማይሽከረከር ዲስክ (ኤስኤስዲ) የገባለት ኮምፒውተር የጊጋቢት ኢተርኔትን በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ባለ 10 ጊጋቢት የመዳብ ኢተርኔት እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ቢኖርም ከሰርቨር ክፍል ወጥቶ የተራ ሠራተኛ ጠረጴዛ ላይ የሚታየው ከስንት አንዴ ነው።

በእኛ ቢሮዎች የፍጥነት ነገር ብዙ ጊዜ የሚበላሸው በትንሽ ነገር ነው። በኔትወርክ ገመድ ውስጥ ስምንት ቀጫጭን ሽቦዎች አሉ። 100 ሜጋቢት በአራቱ ብቻ ይሠራል፤ 1000 ግን ስምንቱንም ይፈልጋል። ገመድ ለመቆጠብ አንዱን ለሁለት ኮምፒውተር ከፍሎ የሚያስር ባለሙያ፣ ወይም ጫፉን ሲጨምቅ ከቀሩት አራት ሽቦዎች አንዲቷን የሳተ፣ መሥሪያ ቤቱን ሳያውቀው ወደ እ.ኤ.አ. 1995 ይመልሰዋል። ኢንተርኔቱ ይከፍታል፣ መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል፣ የሚጠይቅ የለም። ስምንት መብራት ያለው ርካሽ ቴስተር ጉዱን በደቂቃ ያወጣው ነበር። የጽሕፈት ቤቶቹም ፍላሽ እንዲሁ ነው፦ ሰማያዊ ጫፍ ያለው የዩኤስቢ 3.0 ፍላሽ ፊት ለፊት ያለው ጥቁር የዩኤስቢ 2.0 ቀዳዳ ላይ ይሰካና «ፍላሹ ዘገምተኛ ነው» ተብሎ ይታማል።

ወደ ሰፊው መስመር ስንመጣ፣ ኢትዮጵያ ኢንተርኔት ያገኘችው በ1989 ዓ.ም. ነው። በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ወረዳዎችን የሚያገናኘው ወረዳኔትና ትምህርት ቤቶችን የሚያገናኘው ስኩልኔት መጡ፤ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የፕላዝማ ትምህርት የተከታተሉት በሳተላይት ነበር። የባሕር በር የሌላት አገር እንደመሆኗ ወደ ውጭ የምትወጣው በጎረቤቶቿ ምድር በሚያልፍ ፋይበር ነው፤ ከደቡብ ወሎ ደጋ እስከዚያ ድረስ ደግሞ ብዙ ሸለቆና ብዙ ምሰሶ አለ። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለአንድ ዓመት ገደማ ተቋርጦ ሲቆይ ግን ፋይበሩም አንቴናውም ለብዙው ሰው ትርጉም አልነበረውም።

ስለዚህ እንደ መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ መካነ ሰላም ካምፓስ ላለ ተቋም ከውጭው መስመር ይልቅ የግቢው ውስጥ ገመድ ቶሎ የሚያፈራ ይመስለኛል። ለምሳሌ ኪዊክስ በሚባለው፣ ያለ ኢንተርኔት በሚያስነብበው ነፃ ፕሮግራም የእንግሊዝኛው ዊኪፒዲያ ከነሥዕሉ 100 ጊጋባይት ገደማ ይይዛል። በ4 ሜጋቢት መስመር ይውረድ ቢባል ከሁለት ቀን በላይ፣ ያውም መብራት ካልጠፋ። አንዴ ግቢው ሰርቨር ላይ ከተቀመጠ በኋላ ወደ ሌላ ቤተ ሙከራ ለመገልበጥ በ100 ሜጋቢት ስዊች ሁለት ሰዓት ተኩል፣ በጊጋቢቱ ሩብ ሰዓት ይበቃል። ለአንባቢው ተማሪማ አሮጌው ስዊች እንኳ ይተርፈዋል፤ አንድ ገጽ ከጥቂት መቶ ኪሎባይት ብዙም አያልፍምና። የሚከብደው እድሳቱ ነው፤ አዲሱ ቅጂ በወጣ ቁጥር ያ ሁሉ ጊጋባይት እንደገና በጠባቡ መስመር ወይም በሰው ቦርሳ መምጣት አለበት።