የማዕድ ክብርና የእንግዳ ክብር

ድግስ የሚከብረው በሚወጣበት ገንዘብ ነውን ወይስ እንግዳውን በማወቅ? ይህን ጥያቄ ማንሣታችን ልጆቻችን ሲመረቁ፣ ሲዳሩና ሲሾሙ ደስታውን ከቤት አውጥቶ ወደ ትልልቅ ምግብ ቤቶች መውሰድ እየተለመደ ስለ ሄደ ነው።

ባለፈው ሰኔ፣ በጾመ ሐዋርያት፣ በአሊዩ አምባ ፊደል ያስቈጠርናት ልጅ በአዲስ አበባ ተመረቀች። ታላቅ ወንድሟ እናታቸውን ከአገር ቤት አስመጥቶ፣ እኛንም ጠርቶ፣ ስመ ጥር ወደ ሆነ አንድ የጃፓን ምግብ ቤት ወሰደን። «እናታችን ጾመኛ ናቸው፤ ዓሣም አይቀምሱም» ብሎ አስቀድሞ አስታወቀ። አሳላፊውም «አትክልት ብቻ ነው» ሲል አረጋገጠ። ሾርባው ሲቀርብ ግን ሽታው ሌላ ነገር ተናገረ። ወንድምየው ወጥ ቤቱ ይጠየቅልኝ ቢል መረቁ ከዓሣ የወጣ መሆኑ ታወቀ። እናትም ሳይቀምሱት ሳሕኑን ቀስ አድርገው ወደ ጎን አራቁት። በምትኩ የቀረበላቸው የተቀቀለ ሩዝ ብቻ ነበር። ይቅርታ የጠየቀ አልተገኘም፤ ሒሳቡም ሳይጎድል መጣ፤ ከአንድ መምህር የወር ደመወዝ ይበልጥ ነበር። የልጅቱ ዓይን እንባ ቢያቀርር፣ እናቷ «ልጄ፣ የዛሬው ደስታ አጥግቦኛል» አሏት።

ከዚህ ተነሥቶ የጃፓንን ምግብ መንቀፍ ግን አይገባም። ጥሬ ሥጋ የሚወድ ሕዝብ በጥሬ ዓሣ ሊሥቅ አይችልም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴም በ1924 ዓ.ም. ጃፓንን ጎብኝተው «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፍ የጻፉት ያን አገር አድንቀው ነው። የጃፓን ወጥ ቤት መሠረቱ «ዳሺ» የሚባል መረቅ ነው፤ ይኸውም ብዙ ጊዜ ከባሕር ሣርና ደርቆ ከተፋቀ ዓሣ ይወጣል። ስለዚህ የአትክልት በሚመስለው ሾርባና በማጥቀሻው ውስጥ ዓሣ ሊኖር ይችላል። ነገር ግን የዚያው አገር የቡድሃ መነኮሳት «ሾጂን ሪዮሪ» የሚሉት፣ ሥጋም ዓሣም የማይገባበት ምግብ አላቸው። መረቁ ከባሕር ሣርና ከደረቀ እንጉዳይ ይወጣል፤ ከአኩሪ አተር ወተት የሚረጋው «ቶፉ»ም እንደ አይብ ሆኖ ይቀርባል። እንግዲህ ለእኒያ እናት የሚሆን ማዕድ በጃፓን ጥበብ ውስጥ ነበረ፤ የጎደለው እርሳቸውን አስቦ የሚያዘጋጅ ሰው ነው።

በዚህ ነገር አሊዩ አምባ ለከተማው ልታስተምር ትችላለች። ከአንኮበር ግርጌ ያለችው ይህች ስፍራ ከሐረርና ከታጁራ የሚመጡ ሲራራ ነጋዴዎች ያርፉባት የነበረች የጥንት ገበያ ናት። በዚያ አገር ክርስቲያን ሲድር ለሙስሊም ጎረቤቱ ከብቱን በሙስሊም እጅ ያሳርዳል፤ ድስቱንም ይለያል። ሙስሊሙም ለክርስቲያኑ እንዲሁ ያደርጋል። እንግዳው በማዕድ ፊት አያፍርም፤ አስቀድሞ ታስቦለታልና።

ደስታን በምግብ ቤት ማክበር ነውር የለበትም። ነገር ግን ከቀኑ በፊት ሄዳችሁ፣ ከአሳላፊው ይልቅ ከወጥ ቤቱ አለቃ ጋር ተነጋገሩ። መረቁ ከምን እንደ ተሠራ፣ ዘይቱም ሥጋ ወይም ዓሣ የተጠበሰበት እንደ ሆነ ጠይቁ። መልሱ የሚያሻማ ከሆነ ሌላ ቤት ፈልጉ። ምግብ ሻጮችም ይህን ያስተውሉ፤ ጾመኛ «ምን አለበት?» ብሎ ሲጠይቅ ምግቡን መናቁ ሳይሆን ሕሊናውን አደራ መስጠቱ ነው።