የትንንሽ ኮምፒዩተሮች ፍጥነት እንዴት ይመዘናል?

ከአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ

ሰው ከጥንት ጀምሮ የሚገዛውንና የሚሸጠውን ነገር ሳይለካ ኖሮ አያውቅም። እህሉን በቁና፥ ሸማውን በክንድ እየለካ ይገበያይ ነበር። ነገር ግን ክንድ ከሰው ሰው ስለሚለያይ፥ ባለ ረዥም ክንዱ ዐሥር ነው ያለውን ሸማ ባለ አጭር ክንዱ ዐሥራ ሁለት ነው ቢለው፥ ክርክር መነሣቱ የማይቀር ነው። ሁለቱም አልዋሹም፤ የተለያየው መለኪያቸው ነው። በዛሬው ዘመንም ስለ ኮምፒዩተር ፍጥነት የሚነገሩት ቁጥሮች ብዙውን ጊዜ እንደዚሁ ናቸው። ስለዚህ በዚህ አጭር ጽሑፍ፥ ባለ አንድ ሰሌዳ የሚባሉት ትንንሽ ኮምፒዩተሮች ፍጥነታቸው እንዴት እንደሚመዘን፥ ሚዛኑም ሰውን እንዴት እንደሚያሳስት ለማስረዳት እሞክራለሁ።

ባለ አንድ ሰሌዳ ኮምፒዩተር ማለት ፕሮሰሰሩ፥ ሚሞሪውና የመገናኛ ቀዳዳዎቹ ሁሉ በአንድ ሰሌዳ ላይ የተሠሩለት፥ ስፋቱም በኪስ ከምንይዘው የመታወቂያ ካርድ ብዙ የማይበልጥ ኮምፒዩተር ነው። ከእነዚህ መካከል ስሙ በሰፊው የታወቀው በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ከተማ የተጀመረው ራስበሪ ፓይ ነው። ኤበን አፕተንና ባልደረቦቹ ይህን ሥራ ያሰቡት፥ በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒዩተር ሳይንስ ለመማር የሚያመለክቱት ወጣቶች ቁጥራቸው እየቀነሰ፥ የፕሮግራም አጻጻፍ ልምዳቸውም እያነሰ መሄዱን በማየታቸው ነው። የመጀመሪያው ሰሌዳ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2012 ዓ.ም. በ35 ዶላር ለገበያ ቀረበ። (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመቶች ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) ፕሮሰሰሩ ባለ አንድ ኮርና 700 ሜጋ ኸርዝ፥ ሚሞሪውም 256 ሜጋባይት ነበር። በ2023 የወጣው ራስበሪ ፓይ 5 ግን አራት ኮሮች አሉት፤ እያንዳንዱም በ2.4 ጊጋ ኸርዝ ይሠራል።

ዋጋቸው አነስተኛ ስለ ሆነ እነዚህ ሰሌዳዎች ለትምህርት ቤትና ለቤተሰብ የተመቹ ናቸው። ነገር ግን የገዥው ገንዘብ ባነሰ ቁጥር የምርጫው ጉዳይ ይከብዳል። ለምሳሌ፥ ዜሮ 2 ደብልዩ የተባለው ሰሌዳ በ2021 ሲወጣ ዋጋው 15 ዶላር ነበር፤ ባለ 4 ጊጋባይቱ ራስበሪ ፓይ 5 ደግሞ በ2023 ሲወጣ 60 ዶላር ነበር። በወጡበት ዋጋ ብናሰላው፥ በአንዱ ፈጣን ሰሌዳ ፋንታ አራት ዝግተኛ ሰሌዳዎች ይገዛሉ ማለት ነው። እንግዲህ አንድ የትምህርት ቤት ክበብ አንዱን ፈጣን ገዝቶ አራት ተማሪዎች ተራ ይጠብቁበት? ወይስ አራቱን ገዝቶ ሁሉም እኩል ይቀመጡ? ይህን የሚወስነው በማስታወቂያ ላይ የተጻፈ የፍጥነት ቁጥር ከሆነ፥ ቁጥሩ ከየት እንደ መጣ መመርመር ግድ ይሆናል።

ለኮምፒዩተር የሚሰጠው የፍጥነት ፈተና ቤንችማርክ ይባላል። አሠራሩ ለመናገር ቀላል ነው፤ አንድ የታወቀ ፕሮግራም ይሰጠውና ሥራውን ለመጨረስ የፈጀበት ጊዜ ይቆጠራል። በ1972 በእንግሊዝ ብሔራዊ የፊዚክስ ላቦራቶሪ ዌትስቶን የተባለ ፈተና ተዘጋጀ፤ እርሱም በተለይ የነጥብ ቁጥሮችን ስሌት የሚመለከት ነው። በ1984 ራይንሆልድ ቫይከር ድራይስቶን የተባለውን፥ በሙሉ ቁጥሮችና በፊደላት ሥራ ላይ ያተኮረውን ፈተና አወጣ። ጃክ ዶንጋራ ያስፋፋው ሊንፓክ የተባለው ፈተና ደግሞ፥ ብዙ ያልታወቁ ቁጥሮች ያሉባቸውን የአልጀብራ እኩልታዎች የሚፈታ ነው፤ ከ1993 ጀምሮ የዓለም ታላላቅ ኮምፒዩተሮች ተራ የሚወጣው በዚሁ ነው።

እነዚህ ፈተናዎች ብዙ ጠቅመዋል፤ ነገር ግን ሁላችንም ተማሪዎች የምናውቀው አንድ ድካም አለባቸው። የፈተናው ጥያቄ አስቀድሞ የታወቀ እንደ ሆነ፥ ተማሪው ትምህርቱን ትቶ ጥያቄውን ብቻ ያጠናል። ድራይስቶንም እንዲሁ ሆነ። ፕሮግራሙ አጭርና የታወቀ ስለ ነበረ፥ ኮምፓይለር የሚባለው ተርጓሚ ፕሮግራም ውጤታቸው የማያስፈልጉትን ሥራዎች እያወቀ ይዘላቸው ጀመር፤ ቁጥሩ አደገ፥ መኪናው ግን ያው ነው። በ1988 የተቋቋመው ስፔክ የተባለው ማኅበር ይህን ለማረም እውነተኛ ሥራ የሚሠሩ ፕሮግራሞችን ሰብስቦ ፈተና አወጣ። ቢሆንም በ1989 ካወጣቸው አንዱ፥ ማትሪክስ 300 የተባለው፥ ኮምፓይለሮች የስሌቱን ቅደም ተከተል እየለወጡ ያለ ልክ ስላፋጠኑት፥ በ1992ቱ ፈተና ውስጥ እንዲቀር ተደረገ።

አሁን ወደ ትንንሾቹ ሰሌዳዎች እንመለስ። ብዙ ሰው ፍጥነትን የሚገምተው በኸርዝ ነው። አንድ ጊጋ ኸርዝ ማለት በሴኮንድ አንድ ቢሊዮን ምት ማለት ነው። ነገር ግን ምት እንደ እርምጃ ነው፤ ሕፃንና ጐልማሳ በደቂቃ እኩል እርምጃ ቢራመዱ እኩል መንገድ አይሄዱም። በ2015 የወጣው የመጀመሪያው ራስበሪ ፓይ ዜሮ ባለ አንድ ኮርና 1 ጊጋ ኸርዝ ነው፤ ዜሮ 2 ደብልዩም 1 ጊጋ ኸርዝ ነው፥ ነገር ግን አራት ኮሮች አሉት። ሠሪዎቹ እንደ ገለጹት፥ ሥራው ለአራቱም ኮሮች ሲከፋፈል ሲስቤንች በተባለው ፈተና አዲሱ የቀድሞውን አምስት ጊዜ ያህል ይበልጠዋል። ልብ እንበል፤ ኮሮቹ አራት ሆነው ሳለ ብልጫው አምስት የሆነው፥ እያንዳንዱ አዲስ ኮር በአንድ ምት የሚሠራው ሥራ ከቀድሞው ስለሚበልጥ ነው።

ታዲያ ማንኛውም ሥራ አምስት ጊዜ ይፈጥናል ማለት ነውን? አይደለም። ጂን አምዳል በ1967 እንዳስረዳው፥ ሊከፋፈል የማይችለው የሥራ ክፍል ጠቅላላውን ፍጥነት ይገታል። ከአንድ ሥራ ግማሹ ብቻ ለአራት ኮሮች ቢከፋፈል፥ ያ ግማሽ ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል፤ ሌላው ግማሽ ግን እንዳለ ይቀራል። ስለዚህ ጊዜው ከስምንት እጅ አምስቱ ይሆናል፤ ይኸውም ብልጫው 1.6 ጊዜ ብቻ ነው። አራት ሰዎች ጕድጓዱን ተከፋፍለው ቢቆፍሩት ቶሎ ያልቃል፤ ችግኙን ለመትከል ግን ሁሉም ቁፋሮው እስኪያልቅ መጠበቅ አለባቸው።

ከላይ የጠቀስሁት ሲስቤንች ራሱ ትልቅ ትምህርት ይሰጣል። የፕሮሰሰር ፈተናው፥ ሌላ ካልታዘዘ በቀር፥ እስከ 10,000 ያሉትን ቁጥሮች እያካፈለ ከአንድና ከራሳቸው በቀር አካፋይ የሌላቸውን ይፈልጋል። ማካፈሉን የሚሠራው 64 ቢት ርዝመት ባላቸው ቁጥሮች ነው። በሰሌዳው ላይ የተጫነው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ባለ 32 ቢት ከሆነ፥ እያንዳንዱ ማካፈል በብዙ ትንንሽ እርምጃዎች ይከናወናል፤ ባለ 64 ቢት ከሆነ ግን በአንድ ትእዛዝ ያልቃል። ስለዚህ በዚያው ሰሌዳ ላይ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ብቻ ሲለወጥ ቁጥሩ ብዙ እጥፍ ያድጋል። ይህን ያየ ሰው ሰሌዳው ብዙ እጥፍ ፈጠነ ብሎ ቢያውጅ፥ ቁጥሩ እውነት ሆኖ ሳለ ንግግሩ ሐሰት ይሆናል፤ ደብዳቤ መጻፍ ወይም ሥዕል መክፈት በዚያ መጠን አይፈጥንምና።

ሁለተኛው አሳሳች ነገር ሙቀት ነው። ራስበሪ ፓይ ሙቀቱ ወደ 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ እንዳይጐዳ የራሱን ፍጥነት ይቀንሳል። 3 ቢ ፕላስ የተባለው ዓይነት ደግሞ ገና 60 ዲግሪ ሲደርስ ከ1.4 ወደ 1.2 ጊጋ ኸርዝ ይወርዳል። ዐሥር ሴኮንድ የሚፈጅ ፈተና ሰሌዳው ሳይሞቅ ያልቃል፤ ግማሽ ሰዓት የሚፈጅ ሥራ ግን እንደዚያ አይደለም። መቶ ሜትር የሮጠ ሰው ፍጥነቱ ታይቶ ማራቶንን በስንት ሰዓት እንደሚጨርስ አይነገርም። የአገሩ አየርም ይጨመርበታል፤ በደብረ ብርሃን ብርድ የተመዘነ ሰሌዳ በሰመራ ሙቀት ያንኑ ውጤት እንዲሰጥ መጠበቅ አይገባም።

ሦስተኛው የኤሌክትሪክ ኀይል ነው። ሰሌዳው 5 ቮልት ይፈልጋል፤ በቀጭን ገመድ ወይም በደካማ የስልክ ቻርጀር ምክንያት ኀይሉ ከ4.63 ቮልት በታች ሲወርድ፥ የመብረቅ ምልክት በስክሪኑ ላይ ያሳያል፥ ፍጥነቱንም ሊቀንስ ይችላል። ደግነቱ፥ ሰሌዳው የሙቀቱንና የኀይሉን ጕድለት መዝግቦ ስለሚይዝ፥ በትእዛዝ ሲጠየቅ ይናገራል። ይህን ሳይጠይቅ ውጤት የሚጽፍ ሰው፥ ሰሌዳውን የለካ እየመሰለው ቻርጀሩን ለክቶ ሊሆን ይችላል።

አራተኛው ሚሞሪ ካርዱ ነው። በካርዱ ላይ የተጻፈው ትልቁ ቁጥር ብዙ ጊዜ አንድን ትልቅ ፋይል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በተርታ ለማንበብ ያለውን ፍጥነት የሚናገር ነው። ፕሮግራም ሲከፈት ግን የሚነበቡት እዚህም እዚያም የተበተኑ ትንንሽ ቁራጮች ናቸው። ኤ1 የሚል ምልክት ያለበት ካርድ በሴኮንድ ቢያንስ 1,500 እንደዚህ ያሉ ንባቦችንና 500 ጽሕፈቶችን እንዲችል ደንቡ ያዛል። ስለዚህ ሁለት ሰሌዳዎች በተለያየ ካርድ ቢወዳደሩ፥ ያሸነፈው ሰሌዳው ይሁን ካርዱ አይታወቅም።

እንግዲህ በትክክል ለመመዘን የሚፈልግ ተማሪ ምን ያድርግ? አንደኛ፥ ሰሌዳው ወደ ፊት የሚሠራውን ሥራ ራሱን ፈተና ያድርገው። ሁለተኛ፥ ካርዱን፥ ቻርጀሩን፥ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙንና ክፍሉን አንድ አድርጎ ሰሌዳውን ብቻ ይለውጥ፤ ሁለቱም በአንድ ቁና ይሰፈሩ። ሦስተኛ፥ ሰሌዳው እስኪሞቅ ድረስ ያሠራው፥ ሙቀቱንም ይመዝግብ። አራተኛ፥ ቢያንስ አምስት ጊዜ ደጋግሞ ይለካ፤ መካከለኛውን ውጤት ከትንሹና ከትልቁ ጋር ይጻፍ እንጂ ደስ ያሰኘውን ብቻ አይምረጥ። አምስተኛ፥ ሌላ ሰው ደግሞ ሠርቶ እንዲያረጋግጠው ሁኔታውን ሁሉ ይጻፍ።

አማካይ ሲወጣም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አንድ መኪና 60 ኪሎ ሜትር መንገድ በሰዓት 60 ሄዶ፥ በሰዓት 30 ቢመለስ፥ አማካይ ፍጥነቱ 45 ይመስላል። ነገር ግን ሲሄድ አንድ ሰዓት፥ ሲመለስ ሁለት ሰዓት ፈጅቶበታል፤ 120 ኪሎ ሜትር በሦስት ሰዓት ማለት በሰዓት 40 ነው። የኮምፒዩተርም ፍጥነቶች እንዲሁ ናቸው፤ ዝግተኛው ሥራ ብዙ ጊዜ ስለሚወስድ፥ ቁጥሮቹን ዝም ብሎ ደምሮ ማካፈል እውነቱን ይሸፍናል።

አሁን ስለ አንዱና ስለ አራቱ ያነሣነው ጥያቄ መልስ ሊያገኝ ይችላል። ሥራው በየደቂቃው የአየርን ሙቀት መመዝገብ ከሆነ፥ ዝግተኛውም ሰሌዳ በቅጽበት ጨርሶ ይቀመጣል፤ ፈጣኑ የሚበልጠው ረዘም ላለ ጊዜ ሥራ ፈትቶ በመቀመጡ ብቻ ነው። ሥራው ፓይተን በተባለው ቋንቋ አጫጭር ፕሮግራሞችን መጻፍና ትንንሽ መብራቶችን ማብራት ከሆነ፥ በእኔ አስተያየት አራት ወንበር ከአንድ ፈጣን ወንበር ይሻላል፤ ተራ የሚጠብቅ ተማሪ እጁ አይፈታምና። ሥራው ብዙ የኢንተርኔት ገጾችን በአንድ ጊዜ መክፈት ከሆነ ግን፥ የዜሮ 2 ደብልዩ 512 ሜጋባይት ሚሞሪ ቶሎ ስለሚሞላ፥ አራቱም ወንበሮች የመሰላቸት ወንበሮች ይሆናሉ። ከዚህም ጋር እያንዳንዱ ወንበር የራሱን ካርድ፥ ቻርጀር፥ ስክሪንና ኪቦርድ ስለሚፈልግ፥ ሒሳቡ በሰሌዳው ዋጋ ብቻ አያልቅም። እነሆ፥ ሰሌዳዎቹ ሳይለወጡ ሥራው ሲለወጥ ብልጫው ተለወጠ።

አባቶቻችን «በሰፈሩበት ቁና መሰፈር አይቀርም» ይላሉ። ስለ ሌላው ሥራ ቁጥር የሚናገር ሰው፥ ቁናውን በአደባባይ ማሳየት አለበት። ስለዚህ፥ ክቡራን ወላጆች፥ ክቡራን መምህራን፥ ውድ ጓደኞቼም ሆይ፥ ይህ ኮምፒዩተር ከዚያኛው ይህን ያህል ጊዜ ይፈጥናል የሚል ስትሰሙ፥ ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፤ ምን ሥራ ተሰጠው? በምን ሁኔታ ተለካ? ሥራውስ የእኛን ሥራ ይመስላል ወይ? መልስ ካገኛችሁ ቁጥሩ ይጠቅማችኋል፤ ካላገኛችሁ ግን ባለቤቱ ያልታወቀ ክንድ ነውና፥ ሸማችሁን አትለኩበት።