ከቀበሌ ግብርና ወደ ቡና ድርጅት፦ ሥራ ለመቀየር ሲቪና ማመልከቻ እንዴት ይጻፋል?

ከሚዛን ተፈሪ እስከ ቴፒ ባሉ የቡና ቀበሌዎች ዓመታትን ያገለገለ የግብርና ልማት ሠራተኛ ቡናን ከችግኝ እስከ ጀንፈል ያውቀዋል። ይኸው ባለሙያ ወደ ቡና ማጠቢያ ጣቢያ፣ ወደ ኅብረት ሥራ ዩኒየን ወይም ወደ ላኪ ድርጅት ለመዛወር ሲያመለክት ግን ሲቪው ዕውቀቱን ሳይናገርለት ሊቀር ይችላል። በመጀመሪያው ማጣሪያ መራጩ የሚያየው ሰውየውን ሳይሆን ወረቀቱን ነውና፣ በወረቀቱ ላይ ያልሰፈረ ልምድ እንደሌለ ይቆጠራል።

ከሥራ መጠሪያ ይልቅ የተሠራው ሥራ

የሥራ ዘርፍ ለሚቀይር ሰው ቀዳሚው እንቅፋት የቀድሞ መደቡ መጠሪያ ነው። «የሰብል ልማት ባለሙያ» የሚለው ስም ለቡና ገዢ ድርጅት ብዙ አይነግረውም። ስለዚህ በመጠሪያው ሥር የተከናወነው ተግባር አዲሱ ቀጣሪ በሚረዳው መንገድ ሊዘረዘር ይገባል።

ለአብነት «በግብርና ሥራ ለረጅም ጊዜ አገልግያለሁ» ከማለት ይልቅ «ከ2009 እስከ 2015 ዓ.ም. 180 አርሶ አደሮችን ቀይ እሸት ቡና ለይቶ ስለመልቀምና በአልጋ ላይ ስለማድረቅ አሠልጥኛለሁ» ማለት የተሻለ ነው። እነዚህ ቁጥሮች ለምሳሌ የቀረቡ ናቸው፤ አመልካቹ ማስረጃ ሊያቀርብባቸው የሚችላቸውን የራሱን አኃዞች ይጽፋል።

ብዙዎች እንደ ተራ ሥራ የሚያዩት የማሳ ልኬታም ዛሬ ዋጋ አለው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሕግ መሠረት፣ ወደ ገበያው የሚገባ ቡና ከታኅሣሥ 22 ቀን 2013 ዓ.ም. በኋላ ደን ከተመነጠረበት መሬት የተገኘ መሆን የለበትም፤ የበቀለበት ማሳ መገኛም መታወቅ አለበት። በመሆኑም የአርሶ አደሮችን ማሳ በጂፒኤስ የለካና መረጃቸውን የመዘገበ ሰው ይህን ልምድ በሲቪው መጀመሪያ ገጽ ላይ ሊያሰፍረው ይገባል።

የሲቪው ርዝመት ከሁለት ገጽ ባይበልጥ ይመረጣል። ለአዲሱ ሥራ የሚጠቅሙ ችሎታዎች ቀድመው፣ የሥራ ልምዱ ከቅርቡ ወደ ሩቁ፣ ቀጥሎም የትምህርትና የብቃት ማረጋገጫ ማስረጃዎች ይሰፍራሉ። ገና ሥራ ያልያዘ ምሩቅም በቤተሰቡ ማሳ ያከናወነውን የቡና ወይም የኮረሪማ ልማት ሥራ በግልጽ ቢጽፍ ያተርፋል።

ማመልከቻው የሚመልሳቸው ጥያቄዎች

የማመልከቻ ደብዳቤ የሲቪው ግልባጭ አይደለም። በአንድ ገጽ ሦስት ጥያቄዎችን ይመልሳል፦ አመልካቹ ዘርፉን ለምን መቀየር ፈለገ? ከቀድሞ ሥራው ምን ይዞ ይመጣል? የሚጎድለውንስ እንዴት ይሞላል? «የቡና ቅምሻ ሥልጠና አልወሰድኩም፤ ይሁንና ጥራት ከማሳ እንዴት እንደሚጀምር በተግባር አውቃለሁ፤ ቅምሻውንም ለመማር ዝግጁ ነኝ» የሚል ዓረፍተ ነገር ጉድለትን ከመሸፈን የበለጠ አመኔታ ያስገኛል። የቀድሞ አሠሪን መውቀስ፣ የኑሮ ችግርን መዘርዘርና አንዱን ደብዳቤ ለሁሉም ድርጅት ማስገባት ግን አይመከርም።

የሥራ ልምድ ማስረጃ

በሲቪው የተጻፈው በማስረጃ ካልተደገፈ ዋጋ ያጣል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት፣ በአዋጁ የሚተዳደር ሠራተኛ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ የምስክር ወረቀት ሲጠይቅ አሠሪው ያለክፍያ የመስጠት ግዴታ አለበት። ሥራው እስኪቋረጥ መጠበቅም አያስፈልግም። ከግል ድርጅት ወደ መንግሥት መሥሪያ ቤት የሚያመለክት ሰው ደግሞ የሥራ ግብር መከፈሉ በማስረጃው ላይ መገለጹን ማረጋገጥ ይኖርበታል፤ በርካታ የቅጥር ማስታወቂያዎች ይህን ይጠይቃሉና።

አመልካቹ ሰነዱን ከማስገባቱ በፊት የቅጥር ማስታወቂያውን ከፊቱ አስቀምጦ፣ ለእያንዳንዱ መስፈርት መልስ የሚሆነውን መስመር በሲቪው ላይ ይፈልግ። መልስ ያልተገኘለት መስፈርት ካለ፣ በእርግጥ የጎደለው ልምዱ ነው ወይስ ሳይጻፍ የቀረ ሥራ የሚለውን መለየት ይኖርበታል። ሳይጻፍ የቀረ ከሆነ ከማመልከቻው ቀነ ገደብ በፊት ማሟላት ይቻላል።