ድር የማታደራ ሸረሪት

“ድር ቢያብር አንበሳ ያስር” ሲባል ሁላችንም ሰምተናል። ሸረሪት ሲባልም ቶሎ ትዝ የሚለን ድሯ ነው። ከቤት ጥግ ድሯን ዘርግታ ዝንብ ትጠብቃለች። ግን ድር ዘርግታ የማታድን ሸረሪትም አለች። በማሳ ውስጥ ድንጋይ ሲፈነቀል ወይም አረም ሲነቀል ከእግር ሥር እየሮጠች ታመልጣለች።

ባለፈው ሳምንት እዚህ አርብ ገበያ አጠገብ አረም ስናግዝ አንዷ ብቅ አለች። “ግደሏት! ትሸናባችኋለች!” አለ አንድ ሰው። ወዲያው ተረገጠች። እኛ አስተማሪዎቻችሁ ግን አዘንን። ይህች ሸረሪት በእርግጥ ጠላታችን ናት? እስቲ አብረን እንመልከት።

መልኳ

ቀለሟ አፈር ይመስላል። ቡናማ ወይም ግራጫ ነች። ጀርባዋ ላይ ሰንበር አለ። ሰውነቷ ጠጉራም ነው። ከገብስ ፍሬ የማትበልጥ አለች፤ የአውራ ጣት ጥፍር የምታክልም አለች። እንደ ሸረሪት ሁሉ 8 እግር አላት። ዐይኖቿም 8 ናቸው። 4ቱ ትንንሾች ከታች ተደርድረዋል። ከእነሱ በላይ 2 ትልልቅ ዐይኖች ወደ ፊት ያያሉ። ሌሎቹ 2 ከራሷ አናት ላይ ናቸው።

ማታ ባትሪ ይዛችሁ ማሳ ውስጥ አብሩ። ባትሪውን ከዐይናችሁ አጠገብ አድርጉት። መሬት ላይ እንደ ጤዛ የሚያብለጨልጭ ነገር ታያላችሁ። የእሷ ዐይን ነው። የድመትና የጅብ ዐይንም በብርሃን እንዲሁ ያበራል።

አኗኗሯ

በሌላ አገር “የተኩላ ሸረሪት” ይሏታል። ሮጣ ስለምታድን ነው። ተኩላ ግን በመንጋ ያድናል፤ እሷ ብቻዋን ነች። በዓለም ላይ ከ2,000 በላይ ዓይነት አላት። ፌንጣ፣ ዝንብ፣ ትልና ክሽክሽ ትበላለች። እነዚህ እኮ የእህላችን ተባዮች ናቸው። እሷ እህል አትነካም።

ለልጆቿም ብርቱ እናት ነች። ዕንቁላሏን በድሯ ጠቅልላ እንደ ትንሽ ኳስ ታደርገዋለች። ኳሷን ከጀርባዋ ጫፍ አጣብቃ ትሄዳለች። ልጆቹ ሲፈለፈሉ ኳሷን በአፏ ትከፍትላቸዋለች። እነሱም ጀርባዋ ላይ ይወጣሉ። እናቶቻችን ልጅ እንደሚያዝሉ፣ እሷም ብዙ ልጆች አዝላ ለቀናት ትዞራለች።

“ሸረሪት ሸናችብኝ”

ሰው በእጁ ከጨበጣት ወይም ከተጫናት ልትነክስ ትችላለች። ንክሻዋ ያማል፤ ያሳብጣልም። ሰው ግን አይገድልም። በኢጣሊያ አገር ታራንቶ በምትባል ከተማ ዙሪያ፣ ድሮ ሰዎች የዚህችን ሸረሪት ዘመድ በጣም ይፈሩ ነበር። የነከሰችው ሰው ካልጨፈረ አይድንም ይሉ ነበር። በኋላ ሲመረመር ሐሰት ሆኖ ተገኘ።

የእኛስ? በአንድ ጎን ብቻ እንደ መቀነት ተሰልፎ የሚወጣ፣ ውኃ የቋጠረና የሚያቃጥል ቁስል አለ። አልማዝ ባለጭራ ይባላል። “ሸረሪት ሸናችብኝ” የሚሉ አሉ። ሸረሪት ግን አላመጣችውም። የሚያመጣው ቫይረስ የሚባል፣ በዐይን የማይታይ ተዋስ ነው። ይኸው ቫይረስ መጀመሪያ ጉድፍ ያስይዛል። ጉድፉ ከዳነ በኋላም ሰውነት ውስጥ ተደብቆ ይቀመጣል። ሰውነት ሲደክም እንደገና ይነሳል።

እንግዲህ ሸረሪቷን ብንገድል ቁስሉ አይድንም። በሽተኛው ቶሎ ጤና ጣቢያ ይሂድ። በተለይ ቁስሉ ዐይን አጠገብ ከወጣ አንድ ቀን እንኳ ማደር የለበትም። ዐይን ሊያጠፋ ይችላል።

ሸረሪቷንስ? በእጃችሁ አትያዟት፤ አትርገጧትም። የተባይ መድኃኒት ስትረጩም አስቡ። መድኃኒቱ ተባዩን ሲገድል ተባይ የምትበላውንም ይገድላል። ሳትጠራ የምታግዝ፣ ምሳ የማትጠይቅ የደቦ ጓደኛ ማን ይገድላል?

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ይህች ሸረሪት የምትበላቸው ተባዮች የትኞቹ ናቸው?
2. አልማዝ ባለጭራ የያዘው ሰው ምን ማድረግ አለበት?
3. በየማሳችሁ አይታችኋታል? ያያችሁትን ለጓደኞቻችሁ ንገሩ፤ ከዚያም በደብተራችሁ ጻፉት።