ጃፓንን ለማየት የሄዱ ሰዎች

አቡጀዲ የሚባለውን ጨርቅ ትልልቅ ሰዎች ያውቁታል። ያልነጣ የጥጥ ጨርቅ ነው። መጀመሪያ የሚመጣው ከአሜሪካ ነበር። በ1920ዎቹ ዓ.ም. ግን ወደ አገራችን ከሚገባው የጥጥ ጨርቅ አብዛኛው የጃፓን ሥራ ሆነ።

እስቲ እናስብ። በወላይታ ጥጥ አለ። የሚፈትሉ እናቶች አሉ። ሸማኔዎች አሉ። ታዲያ ያን ሁሉ ባሕር አቋርጦ የመጣ ጨርቅ እንዴት በርካሽ ሊሸጥ ቻለ? ጃፓንስ ይህን ያህል ፋብሪካ ከየት አመጣች?

ይህን ጥያቄ ያነሣነው እኛ ብቻ አይደለንም። በ1924 ዓ.ም. ጥቂት ኢትዮጵያውያን ጃፓን ድረስ ሄደው አገሪቱን በዓይናቸው አዩ። ዛሬ የምናነበው ስለ እነሱ ጉዞ ነው። ደግሞም ሰው እንግዳ አገር ሲያይ ምን መጠየቅ እንዳለበት እንነጋገራለን።

ጃፓን የት ናት?

ጃፓን ከእኛ በስተምሥራቅ፣ ፀሐይ በምትወጣበት በኩል ናት። ከሶዶ እስከ አዲስ አበባ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከአዲስ አበባ እስከ ጃፓን ዋና ከተማ እስከ ቶኪዮ ግን ከ10,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የሶዶውን መንገድ ሠላሳ ጊዜ ያህል መሄድ ማለት ነው።

ጃፓን የደሴቶች አገር ናት። ደሴት ማለት ዙሪያውን ውኃ የከበበው መሬት ነው። ስፋቷ የኢትዮጵያን አንድ ሦስተኛ ያህል ነው። አብዛኛው ተራራ ስለሆነ የሚታረሰው ትንሽ ነው። መሬቱም ቶሎ ቶሎ ይንቀጠቀጣል። በነሐሴ 1915 ዓ.ም. መሬት ሲንቀጠቀጥና እሳት ሲነሣ፣ በቶኪዮና በአካባቢዋ ከ100,000 ሰው በላይ አለቀ።

ዋናው ምግባቸው ሩዝ ነው። ነገር ግን ጎደሬም ይበላሉ፤ ስኳር ድንችም ይበላሉ። የስኳር ድንቹ ታሪክ ለወላይታ ገበሬ እንግዳ አይሆንም። በ1720ዎቹ ዓ.ም. በምዕራብ ጃፓን ተባይ ሩዙን ፈጀውና ትልቅ ረኃብ ገባ። ስኳር ድንች የሚተክሉ አካባቢዎች ግን ብዙም አልተጎዱም። ከዚያ በኋላ አኦኪ ኮንዮ የሚባል ሊቅ ስለ ስኳር ድንች መጽሐፍ ጻፈ። ገዥውም በዋና ከተማው አጠገብ በሙከራ አስተከለ። ተክሉ ቀስ በቀስ ተስፋፋ። ከመሬት በታች ያለ ምግብ በክፉ ቀን ነፍስ እንደሚያተርፍ እናንተ ከእኛ ይበልጥ ታውቁታላችሁ።

እነማን ሄዱ?

በኅዳር 1923 ዓ.ም. ኢትዮጵያና ጃፓን የወዳጅነትና የንግድ ውል ተዋዋሉ። በሚቀጥለው ዓመት፣ በመስከረም 1924 ዓ.ም.፣ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ወደ ጃፓን ተነሡ። ኅሩይ በ1870 ዓ.ም. በሸዋ፣ በመርሐቤቴ የተወለዱ፣ ብዙ መጻሕፍት የጻፉ ሰው ናቸው። አውሮፓን ከዚያ በፊት አይተዋል። ጃፓንን ግን ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነበር። ልጅ አርአያ አበበ፣ አቶ ተፈሪ ገብረ ማርያምና አቶ ዳባ ብሩ አብረዋቸው ሄዱ።

እስከ ጅቡቲ የሄዱት በባቡር ነው። ከጅቡቲ በመርከብ ተሳፍረው የህንድን ውቅያኖስ ተሻገሩ። አንድ ወር ያህል ተጉዘው በጥቅምት መጨረሻ ጃፓን ደረሱ። ዛሬ አውሮፕላን በአንድ ቀን ገደማ ያደርሳል።

እንዲህ ላለው መንገድ ባልንጀራ ያስፈልጋል። ባልንጀራ ስንቅ ለመካፈል ብቻ አይደለም። አንዱ ያላየውን ሌላው ያያል። አንዱ ሲደነቅ ሌላው፣ «ቆይ እስቲ፣ ይህ እንዴት ሆነ?» ብሎ ይጠይቃል።

በጃፓን ንጉሠ ነገሥቱን ሂሮሂቶን አገኙ። ትምህርት ቤቶችን፣ ፋብሪካዎችንና የጦር ሰፈሮችን ጎበኙ። ያን ጊዜ በአገራችን ያሉ ብዙ የተማሩ ሰዎች፣ «ኢትዮጵያ እንደ ጃፓን ትሁን» ይሉ ነበር። በሐምሌ 1923 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥታችን እንኳ የተዘጋጀው በ1881 ዓ.ም. የወጣውን የጃፓን ሕገ መንግሥት አይቶ ነው።

ጃፓን እንዴት ተለወጠች?

ጃፓን ከ200 ዓመት በላይ በሯን ለውጭ ሰው ዘግታ ኖራለች። በ1845 ዓ.ም. የአሜሪካ የጦር መርከቦች መጥተው በሩን ክፈቱ አሏት። ጃፓኖች ነገሩ አስፈራቸው። ሌላው የእስያ አገር በባዕድ እጅ ሲወድቅ ያዩ ነበርና። በ1860 ዓ.ም. አሮጌው አስተዳደር ወድቆ አዲስ መንግሥት ቆመ። ይህ መንግሥት ተማሪዎችን ወደ ውጭ ላከ። የውጭ መምህራንን ቀጠረ። ባቡርና ፋብሪካ አቋቋመ።

ከሁሉ የሚበልጠው የትምህርት ነገር ነው። በ1864 ዓ.ም. ወንድም ሆነ ሴት፣ ልጅ ሁሉ ይማር የሚል ሕግ ወጣ። ሕዝቡ ወዲያው በደስታ የተቀበለው እንዳይመስላችሁ። ገበሬው፣ «ልጄ ከተማረ ከብቱን ማን ይጠብቃል? ክፍያውንስ ከየት አመጣለሁ?» አለ። በአንዳንድ ቦታ የተቆጣ ሕዝብ ትምህርት ቤት እስከ ማቃጠል ደርሷል። ክፍያው ሲቀር ነገሩ ተለወጠ። በ1890ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ከ100 ልጆች ከ90 የሚበልጡት ትምህርት ቤት ገቡ።

ትምህርቱ እርሻ ድረስ ወረደ። አንድ ምሳሌ እንስጥ። በ1870ዎቹ ዓ.ም. ዮኮይ የሚባል የእርሻ መምህር ዘር የመምረጫ ዘዴ አገኘ። የሩዙ ዘር ጨው በበዛበት ውኃ ውስጥ ይጨመራል። ፍሬው ያልሞላው ይንሳፈፋል። ፍሬው የሞላው ይሰምጣል። የተንሳፈፈው ይጣላል፤ የሰመጠው በንጹሕ ውኃ ታጥቦ ይዘራል። ዘዴው ትልቅ ገንዘብ አይጠይቅም። ትንሽ ጨው፣ ውኃና ዕውቀት ይበቃል።

ዋጋውን ማን ከፈለ?

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ባቡሩ፣ ፋብሪካው፣ የጦር መርከቡ በገንዘብ ነው የተሠራው። ገንዘቡ ከየት መጣ? በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከሁሉ የበለጠው የመጣው ከገበሬው ነው።

በ1865 ዓ.ም. አዲስ የመሬት ግብር ወጣ። ግብሩ የሚከፈለው በእህል ሳይሆን በጥሬ ገንዘብ ነው። መሬቱ 100 ብር ቢገመት በዓመት 3 ብር እንደ ማለት ነው። እህሉ ቢያዝም ባይዝም ግብሩ ያው ነው። በክፉ ዓመት ገበሬው ተበደረ። ዕዳው ሲከብደው መሬቱን ሸጠና በገዛ አባቱ መሬት ላይ ጭሰኛ ሆነ። እነ ኅሩይ ጃፓን በደረሱ ጊዜ ከሚታረሰው መሬት ግማሽ ያህሉ በጭሰኛ የሚታረስ ነበር። ጭሰኛው ብዙ ጊዜ የምርቱን ግማሽ ያህል ለባለመሬቱ ይሰጣል። እኩል አራሽ ማለት ምን እንደሆነ አያቶቻችን ያውቁታል።

ወደ አቡጀዲያችን እንመለስ። በሐርና በጥጥ ፋብሪካዎች የሚሠሩት አብዛኞቹ የደሃ ገበሬ ሴቶች ልጆች ነበሩ። አባት ቅድሚያ ገንዘብ ይቀበላል። ልጅቱ ዕዳውን በጉልበቷ ትከፍላለች። ለብዙ ዓመታት በቀን 12 ሰዓት፣ በሌሊትም ጭምር ይሠሩ ነበር። ማደሪያቸው እዚያው በፋብሪካው ግቢ ነው። ብዙዎቹ በሳንባ ነቀርሳ አለቁ። ጨርቁ የረከሰው ማሽኑ ጎበዝ ስለሆነ ብቻ አይደለም። የእነዚያ ልጆች ጉልበት ስለረከሰም ነው።

ሌላም ነገር አለ። ጃፓን ጉልበት ስታገኝ የጎረቤቶቿን አገር መያዝ ጀመረች። እነ ኅሩይ በተነሡበት በዚያው በመስከረም 1924 ዓ.ም. የጃፓን ጦር ማንቹሪያ የሚባለውን የቻይና ምድር ወረረ። ከአራት ዓመት በኋላ ኢጣሊያ ኢትዮጵያን ወረረች። ብዙ ተራ ጃፓናውያን ለኢትዮጵያ አዘኑ። የጃፓን መንግሥት ግን የራሱን ጥቅም አሰበ። በ1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የነበረውን ሌጋሲዮኑን ወደ ቆንስላ ዝቅ አደረገና የኢጣሊያን አገዛዝ ተቀበለ። ወዳጅ የተባለው በቁርጥ ቀን አልተገኘም።

ጃፓንም በጦርነት መንገድ ሄዳ ሄዳ በ1937 ዓ.ም. በሂሮሺማና በናጋሳኪ ከተሞች ላይ የአቶም ቦምብ ወደቀባት። ከሽንፈቱ በኋላ፣ ከ1939 ዓ.ም. ጀምሮ፣ የባለመሬቶች መሬት እየተገዛ ለጭሰኞች በርካሽ ተሸጠ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ አብዛኛው የጃፓን ገበሬ የራሱን መሬት የሚያርስ ሆነ። በእኛም አገር የጭሰኝነት ሥርዓት የተሻረው በየካቲት 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ነው።

ያዩትን መጻፍ፣ የተጻፈውን መመርመር

ኅሩይ ከጃፓን ሲመለሱ ዝም አላሉም። «ማኅደረ ብርሃን፦ ሀገረ ጃፓን» የሚል መጽሐፍ ጻፉ። በ1924 ዓ.ም. አዲስ አበባ ታተመ። በኋላም ወደ ጃፓንኛ ተተረጎመ። ባቡርም መርከብም ያላየ ሰው፣ ፊደል ካወቀ፣ ቤቱ ቁጭ ብሎ ከእነሱ ጋር ሊጓዝ ቻለ። ኅሩይ በ1931 ዓ.ም. በስደት በእንግሊዝ አገር ዐረፉ። መጽሐፋቸው ግን አለ።

መጽሐፉ በአብዛኛው ጃፓንን ያመሰግናል። ይህ አያስገርምም። የመንግሥት እንግዳ የሚያየው ባለቤቱ የሚያሳየውን ነው። እኛስ ብንሆን እንግዳ ሲመጣ ቤቱን ጠርገን፣ ቡና አፍልተን እንቀበላለን እንጂ ጓዳችንን ከፍተን እናሳያለን?

እንግዲህ አንባቢ ሁለት ነገር ይጠይቅ። ይህ እንዴት ተሠራ? ዋጋውን የከፈለው ማን ነው? ከጃፓን ትምህርቷንና የዘር አመራረጧን መውሰድ ጥሩ ነው። የጭሰኛውን ዕዳና የፋብሪካዋን ልጅ በሽታ ግን አንወስድም። ፊደል ማወቅ ማለት የተጻፈውን አንብቦ ማመን ብቻ አይደለም። ያልተጻፈውንም መጠየቅ ነው።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. የጃፓን ገበሬዎች መጀመሪያ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት መላክ ያልፈለጉት ለምንድን ነው? በእናንተ ቀበሌስ እንዲህ የሚል ሰው አለ?
2. ዘር በጨው ውኃ የሚመረጠው እንዴት ነው? እናንተ ዘር የምትመርጡት በምን ዘዴ ነው?
3. ግብር በእህል ሳይሆን በጥሬ ገንዘብ መከፈሉ ገበሬውን የጎዳው እንዴት ነው?
4. እናንተ ጃፓን ብትሄዱ መጀመሪያ ምን ትጠይቁ ነበር? መልሳችሁን በሦስት መስመር ጻፉ።