ወደ ሞት ሸለቆ ብቻውን የሚሄድ ሞተረኛ ቤቱ ትቶት መውጣት ያለበት ወረቀት

«ብቻውን የሚሮጥ የሚቀድመው የለም» ይላሉ አበው። በበረሃ ግን አንድ ቀዳሚ አለ፤ እሱም ፀሐይ ነው። ከላስ ቬጋስ በ2 ሰዓት ገደማ የሚደረስበት የካሊፎርኒያው «ዴዝ ቫሊ»፣ ማለትም የሞት ሸለቆ፣ ይህንን ደጋግሞ አስተምሯል። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የአፋርን ዳሎል ያየ ሰው ለሸለቆው እንግዳ አይሆንም። ባድዋተር የተባለው ጨዋማ ሜዳ ከባሕር ጠለል በታች 282 ጫማ (86 ሜትር) ይገኛል። በጁላይ 10 ቀን 1913 ፈርነስ ክሪክ ላይ የተመዘገበው 134 ዲግሪ ፋራናይት (56.7 ሴንቲግሬድ) እስከ ዛሬ የዓለም ከፍተኛው የአየር ሙቀት ተብሎ ይጠቀሳል።

ሞተረኛውን ከአስፋልት የሚያስወጣው ግን የኋላው መንገድ ነው። ዩቢሂቢ ከተባለው የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ወደ ሬስትራክ የሚወስደው ፒስታ 27 ማይል ሲሆን፣ እንደ ቆርቆሮ ክዳን የተሸነሸነና ስለታም ድንጋይ የበዛበት ነው። ቲኬትል ጃንክሽን በሚባለው መገናኛ መንገደኞች ምልክቱ ላይ ማንቆርቆሪያ ይሰቅላሉ። ከዚያ ወዲያ፣ በደረቀው የሐይቅ ወለል ላይ፣ ረጅም ዱካ እየተው የተጓዙ ድንጋዮች ይታያሉ። ማን እንደሚገፋቸው ለብዙ ዘመን ምሥጢር ሆኖ ቆይቶ፣ በዲሴምበር 2013 ተመራማሪዎች ሲንቀሳቀሱ በዓይናቸው አዩአቸው። ሌሊት የተጋገረ ስስ በረዶ ሲሰባበርና ነፋስ ሲነዳው ድንጋዮቹን ያንሸራትታቸዋል።

ይህንን ለማየት የሚከፈለው ዋጋ ግን ቀላል አይደለም። ከፈርነስ ክሪክ ማደያ ደርሶ መልስ ከ160 ማይል በላይ ነው፤ በዚያ መንገድ ላይ ቤንዚን የለም፣ ጎሚስታ የለም፣ ስልክም በአብዛኛው አይሠራም። በሞተር ላይ ደግሞ ነፋሱ ራሱ ያታልላል። አየሩ ከሰው ቆዳ ሙቀት ሲበልጥ ነፋስ ማቀዝቀዙን ትቶ ያሞቃል፤ ላብም ወዲያው ስለሚደርቅ ሰውነት ውሃ እያጣ መሆኑ አይታወቅም። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ እንደሚባለው፣ ይህም እያሳሳቀ የሚወስድ ሙቀት ነው።

በጁላይ 6 ቀን 2024፣ ሙቀቱ 128 ፋራናይት በደረሰበት ዕለት፣ ባድዋተር አካባቢ ከ6 ሞተረኞች መካከል 1ዱ ሲሞት ሌላው ሆስፒታል ገባ። ከ120 ዲግሪ በላይ የሕክምና ሄሊኮፕተር እንደ ልብ ስለማይበር በአየር ሊደርስላቸው አልቻለም። እነዚህ እንኳ ጓደኛ ነበራቸው።

ብቻውን የሚሄድ ሰው ከሁሉ በላይ ሊያስብበት የሚገባው ግን የ1996ቱ ታሪክ ነው። በጁላይ ወር 4 ጀርመናውያን፣ 2 ትልልቅ ሰዎችና 2 ልጆች፣ በኪራይ መኪና ወደ ሸለቆው ገብተው ጠፉ። ጎማዎቿ የተበላሹባት መኪና የተገኘችው በኦክቶበር ነበር። የትልልቆቹ ነው ተብሎ የታመነው አጽም የተገኘው ደግሞ ከ13 ዓመት በኋላ፣ በ2009 ነው። «ከመኪናህ አትራቅ» የሚለው ምክር ትክክል ነው፤ ሆኖም የት እንዳለህ የሚያውቅ ሰው ከሌለ መኪናውም ወራት ይቆያል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ስንቅ ከሞተሩ ላይ አይጫንም፤ ቤት ይቀራል። በአንድ ወረቀት ላይ የሚሄድበት መንገድ፣ የሞተሩ ቀለምና የታርጋ ቁጥር፣ የሚመለስበት ሰዓት፣ «እስከዚህ ሰዓት ካልደወልኩ 911 ደውሉ» የሚል ቃል ይጻፍና ለሚስት፣ ለወንድም ወይም ለጓደኛ ይሰጥ። መንገድ ሲቀየር ወረቀቱም ይቀየር።

ከዚያ ሌላው ይከተላል። ጉዞው ከኖቬምበር እስከ ማርች ቢሆን ይመረጣል። ለአንድ ቀን ቢያንስ 1 ጋሎን (4 ሊትር ገደማ) ውሃ፣ ለብልሽት ደግሞ ተጨማሪ ይያዝ። የጎማ መለጠፊያ፣ ፓምፕ፣ የወረቀት ካርታ፣ ቢቻል በሳተላይት መልእክት የሚልክ መሣሪያ አይቅር። ጎርፍ መንገድ ስለሚዘጋ (በኦገስት 2023 ፓርኩ በሙሉ ለ2 ወር ያህል ተዘግቶ ነበር) ከመነሳት በፊት ይጠየቅ። ሞተሩ ታርጋ ያለው ይሁን፤ ከመንገድ መውጣትም ክልክል ነው።

ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ ወረቀቱን የያዘው ሰውም ሰዓቱ ሲያልፍ «ትንሽ ልጠብቅ» አይበል። መልካም መንገድ!