ጠንቃቃ ነኝ፣ ቁጥር ግን አልወድም

ሰሞኑን አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ከክበባቸው ስብሰባ በኋላ ጠብቃ አነጋገረችኝ። ደብተሯን አየሁት፤ ርዕሱ ሁሉ በቀይ የተሰመረ፣ ስርዝ ድልዝ የሌለበት ነው። «ጋሼ፣ ቤተሰቦቼ አንቺ ጠንቃቃ ስለሆንሽ አካውንቲንግ ነው መማር ያለብሽ ይሉኛል። እኔ ደግሞ ቁጥር ሳይ ራሴን ያመኛል። ምን ይሻለኛል?» አለችኝ።

ይህ የብዙዎቻችሁም ጥያቄ ይመስለኛል። እኛ ዘንድ ጠንቃቃ ልጅ ሲታይ ወዲያው የሚታሰበው ባንክ ቤት ወይም ሒሳብ ክፍል ነው። ጥንቃቄና ስሌት ግን ለየቅል ናቸው። ስህተት የማያሳልፍ ዓይን በፊደልም፣ በቃልም፣ በቅጠልም ላይ ይሠራል።

ከራሴ ልጀምር። ሶሲዮሎጂ የገባሁት ከሒሳብ ለማምለጥ ነበር (ስታትስቲክስ የሚባል ኮርስ እዚያም ጠበቀኝ፤ እሱን ሌላ ጊዜ አጫውታችኋለሁ)። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ወላጆቿን ላጣች አንዲት ልጅ የድጋፍ ማመልከቻ አዘጋጀሁ። የአያቷ ስም በቀበሌ ወረቀት ላይ «ገብሬ»፣ በትምህርት ቤት ካርዷ ላይ ደግሞ «ገብረማርያም» ነበር። እኔ ልብ አላልኩትም። ማመልከቻው ተመለሰ፤ እስኪስተካከል ሁለት ወር ፈጀ። ልጅቷ ትምህርት የጀመረችው ያለ ደብተር ነው። ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም ፋይል ከመዝጋቴ በፊት ስሙን በጣቴ እየተከተልኩ አነባለሁ።

እስቲ ሕግን ደግሞ እንመልከት። የፌዴራል አዋጆች የሚታተሙበት የፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ በ1987 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 3 ሲቋቋም፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ እንዲወጣ፣ ልዩነት ከተገኘም አማርኛው እንዲጸና ተደንግጓል። እንግዲህ አስቡት፤ «እና» መባል ያለበት ቦታ «ወይም» ቢጻፍ፣ ሁለት ነገር ማሟላት የነበረበት ሰው አንዱን ብቻ ይዞ ያልፋል። የሕግ አርቃቂው፣ የተርጓሚውና የአራሚው እንጀራ እንዲህ ባለች ቃል ላይ ነው። ለዚህ ሕግ ወይም ቋንቋ ማጥናት ያስፈልጋል፤ ከዚያ በላይ ግን ያነበቡትን መልሶ ማንበብ የማይሰለች ሰው ይፈልጋል።

እኔን የሚያስቀናኝ ሥራ ግን የዕፅዋት ነው። የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት ተለይተው የተመዘገቡበት «ፍሎራ» የተባለው ሥራ እ.ኤ.አ. በ1980 ተጀምሮ በ2009 ሲጠናቀቅ 8 ቅጾች ሆኗል። ወደ 30 ዓመት ገደማ መሆኑ ነው! በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ባለው ብሔራዊ ሄርባሪየም የደረቁ ዕፅዋት ወረቀት ላይ ተለጥፈው ተቀምጠዋል። ባለሙያው የቅጠሉ ጠርዝ ጥርስ አለው ወይስ ልሙጥ ነው፣ ጸጉሩ ከላይ ነው ከሥር እያለ ያያል። የተለቀመበት ቀንና የቦታው ከፍታም ይጻፋል። ቁጥር ነው አትሉም? ነው፤ ግን በትክክል መጻፍ እንጂ ማስላት አይደለም። ቁጥር አልወድም የምትሉትም ብዙ ጊዜ የጠላችሁት ስሌቱን ሊሆን ይችላል፤ ለይታችሁ እዩት።

ቤተ መዛግብት፣ ሙዚየምና የሆስፒታል ካርድ ክፍልም ቦታውን የሳተ ወረቀት ወይም ዕቃ የሚያሳስበውን ሰው ይፈልጋሉ።

አንድ ነገር ግን አልደብቃችሁም። ሶሻል ሳይንስ ብትመርጡም ከሒሳብ ፈተና አታመልጡም፤ ዕፅዋት የሚያጠናውም ባዮሎጂ ጋ ለመድረስ በናቹራል በኩል ማለፍ አለበት። ስለዚህ እስከዚያው በሒሳቡ ታገሱ። ጎን ለጎን የሚኒ ሚዲያችሁን ጽሑፍ በማረም ወይም የክበባችሁን መጻሕፍት በመመዝገብ ራሳችሁን ሞክሩ። ከሦስተኛው ገጽ በኋላ የሚሰለቻችሁ ከሆነም አሁኑኑ ብታውቁት ይሻላል።

ያቺ ተማሪም ይህንኑ ነግሬያት ነበር። ባለፈው ሳምንት የሚኒ ሚዲያውን ማስታወቂያ ይዛ መጣች። ስብሰባው «ቅዳሜ» ይላል፤ የተጻፈው ቀን ግን እሑድ ላይ ነው የሚውለው። ከመለጠፉ በፊት ያየችው እሷ ብቻ ነበረች።